ካቻቪቴ የማይደርስበት ብልሽት

በእኛ ሰፈር፣ በጠመንጃ ያዥ፣ ዕቃ ቶሎ አይጣልም። ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ፣ ማሞቅ ያቆመ ምድጃ፣ ውሃ የገባበት ስልክ ሰፈር ውስጥ ካሉት ጠባብ ሱቆች ወደ አንዱ ይገባል። ጠጋኙ በካቻቪቴ ይከፍተዋል፣ አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል፣ የተቃጠለውን በካውያ ነቅሎ ከሌላ የሞተ ዕቃ ላይ ያወጣውን ይተክልበታል። ዋጋ ይጠራል፣ ትከራከራለህ፣ ትስማማላችሁ። እንዲህ ያለ ብልሽት መታደል ነው። መድኃኒቱ ሰፈር ውስጥ አለ፤ የሚጠይቅህ ብርና ትዕግሥት ነው።

የእኛ የዲጄዎቹ ጣጣ ግን ሌላ ነው። በሰርግ፣ በልደትና በምርቃት እንጀራ የምንበላ ሰዎች አብዛኞቻችን የያዝነው ኮንትሮለር፣ ማለትም ላፕቶፕ ላይ ሰክተን ዘፈን የምናቀላቅልበት ሳጥን፣ ዕድሜ ጠገብ ነው። ለአንዱ ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞለት መጥቷል፣ ሌላው ሥራውን ከተወ ዲጄ ገዝቷል፣ ሌላው ደግሞ ዱባይ የምትመላለስ ነጋዴ ለምኖ አስመጥቷል። ዕድሜ ጠገብ ይሁን እንጂ አልደከመም። ጆጉ ይዞራል፣ ፌደሩ ይንሸራተታል፣ መብራቱ ቦግ ይላል። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨፍር ያድራል። አዲሱ ላይ ሲሰካ ግን ጭጭ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ዕቃ እኮ ምንም አልሆነም» ይልሃል ጠጋኙ፣ ከፍቶ ሆዱን ካየው በኋላ።

«ታዲያ ለምን አይሠራም?»

«ድራይቨር ነዋ! እሱን እኛ ምን እናደርገዋለን?»

ብሎኖቹን መልሶ ያጠብቅልሃል። አንዳንዱ «የማያ» ብሎ ሂሳብ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አዝኖልህ በነፃ ይሸኝሃል። የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድድ እስካሁን አልወሰንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንትሮለር አንድ ሳጥን ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት ዕቃ ነው፤ እጅና ጉሮሮ በለው። እጁ ቁልፉ፣ ጆጉና ፌደሩ ነው። ድምፅ አያወጣም፣ ቁጥር ነው የሚልከው፤ ይህ ቁልፍ ተነካ፣ ያኛው ፌደር ከ0 እስከ 127 ባለው መንገድ እዚህ ጋ ደረሰ እያለ። ይህን የሚልክበት ሚዲ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሲሆን የዛሬ ኮምፒውተር ሁሉ ይረዳዋል። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ዛሬም ያለ ጭቅጭቅ ሲሠራ ማየት በእኛ ሥራ ብርቅ ነው፤ ያወጡትን እግዜር ይስጣቸው። ጉሮሮው ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የተቀበረው ሳውንድ ካርድ ነው። የሚጫወተውን ዘፈን ለሞንታርቦው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ለጆሮ ማዳመጫህ ለይቶ የሚሰጥህ እሱ ነው። የሚያስለቅሰንም እሱ ነው። ብዙ አምራቾች ድምፁ እንዳይዘገይ ሲሉ ለየዕቃቸው የራሳቸውን ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ጻፉ። ድራይቨሩ በዘመኑ ለነበረው ሲስተም ተጻፈ፤ ሲስተሙ ተለወጠ፣ ዕቃው ከገበያ ወጣ፣ ድራይቨሩን ማደስ የማንም ሥራ አልሆነም። አንድ ቀን ይህ ምርት ከእንግዲህ ድጋፍ አይደረግለትም የሚል ዓረፍተ ነገር ተለጠፈ። ማንም ሳይጥለው፣ ውሃም ሳይገባበት፣ ጤነኛው ዕቃ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተበላሸ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ባለ 32 ቢት እትም የለውም። ስለዚህ ለ32 ቢት ብቻ የተጻፈ ድራይቨር እዚያ ቤት አይገባም። ባለ 64 ቢቱም ቢሆን ዋስትና የለውም። ደኅንነት ማስተካከያው ውስጥ ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ የሚባል ጥበቃ አለ፤ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው። የድሮ አጻጻፍ ያለው ድራይቨር ሲያገኝ አያሳልፈውም። ጥበቃውን አጥፋው ይሉሃል። ይኸው ላፕቶፕ እኮ ነው ከሰኞ እስከ ዓርብ የቢሮ ሥራ የሚሠራበት፣ የባንክ ሂሳብ የሚታይበት፣ ቅዳሜ ደግሞ የሙሽራው አጎት ልጅ ያመጣው ፍላሽ ቫይረሱን የሚያራግፍበት! አንዲት የሰርግ ዘፈን ለማጫወት ብለህ ይህን ሁሉ ራቁቱን ታስቀምጠዋለህ።

ማክ የያዘው ይብስበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ካታሊና የተባለ ሲስተም 32 ቢት ፕሮግራሞችን እስከ ወዲያኛው ከለከለ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ የኢንቴልን ቦታ የወሰደው ኤም ዋን ቺፕ ተከተለ። ለኢንቴል የተጻፈን ተራ ፕሮግራም ሮዜታ የሚባለው አስተርጓሚ ያስኬደዋል፤ ሲስተሙ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚሠራን ድራይቨር ግን አይነካውም። ስለዚህ ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ማክ የገዛ ሰው፣ ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራውን ጓደኛውን «ያንተ እንዴት ሠራ?» እያለ ሲቀናበት ታያለህ። በዚህ ትንሽ ደስ እንደሚለኝ አልደብቅም።

አምራቹ ድርጅት በሕይወት ካለ ቢያንስ የሚለመን ሰው አለ። ቬስታክስ የያዘስ? የጃፓኑ ቬስታክስ በዲጄ ዕቃ ስሙ የተከበረ ነበር፤ ብረቱን የዳሰሰ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሰረ። ኮንትሮለሮቹ ዛሬም በየሰው ቤት አሉ፤ ድራይቨር የሚጽፍላቸው ባለቤት ግን የለም። እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ ስታገኝ ሻጩ «ኦሪጅናል ጃፓን ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርብሃል። ኦሪጅናልነቱን አልካድንም!

«አሮጌውን ላፕቶፕ ለምን ዝም ብለህ አትጠቀምበትም?» ይላል ነገሩ ያልደረሰበት ሰው። እንጠቀምበታለን እንጂ! እያንዳንዳችን ቤት አንድ አለ፤ ኢንተርኔት እንዳይነካው የሚጠበቅ፣ አፕዴት የተከለከለበት፣ ልጆች እንዳይከፍቱት ቁም ሳጥን ላይ የሚቀመጥ። ዊንዶውስ 10 እንኳ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ ከሱ በፊት ስላሉት ምን እናወራለን። የአሮጌ ላፕቶፕ ትልቁ ጠላት ግን ማይክሮሶፍት አይደለም፣ መብራት ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ባለችው ክፍተት ላፕቶፑ ድርግም ይላል። ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ አንተ ግን ከዊንዶውስ አርማ ሥር ነጥቦቹ ሲሽከረከሩ እያየህ ትቆማለህ።

ገመዱም ራሱን የቻለ እሮሮ ነው። የድሮ ኮንትሮለር የሚሰካው ፕሪንተር በሚሰካበት አራት ማዕዘን ጫፍ ባለው ዩኤስቢ ነው። አዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ ቀጭኗን ታይፕ ሲ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። መሀል ላይ ሀብ የሚባል ማገናኛ ያስፈልጋል። ሀብ ፍለጋ ከጠመንጃ ያዥ ባቡር ትይዛለህ፤ ሪቼን፣ መሿለኪያን፣ ስታዲየምን፣ ለገሃርን አልፈህ ሜክሲኮ ትወርዳለህ። እዚያ ካጣህ በልደታ አድርገህ ሰባተኛ፣ ከዚያ መርካቶ። ሀቡ ይገኛል። የሚገኘው ግን አይጥና ፍላሽ እንዲሸከም የተሠራ ርካሽ ሀብ ነው። ዩኤስቢ 2 በደንቡ 500 ሚሊ አምፔር ይሰጣል፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ርካሹ ሀብ ያገኘችውን ለሁሉም ስታካፍል ለኮንትሮለሩ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማውም ጉሮሮው ነው። የራሱ ኃይል ማስገቢያ ያለው ሀብ ፈልግ ይሉሃል። ትፈልጋለህ። «እሱ በትእዛዝ ነው» ይሉሃል።

ይህ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ድንኳን ውስጥ ነው የሚታየው። ጥር ነው። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ መብራቱን አብርቶ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። የመግቢያውን ዘፈን ታስነሣለህ። የሞንታርቦው ባስ ጠረጴዛውን ሲያርገበግበው ሀቡ ላይ ያለችው ጫፍ ለቅጽበት ትላቀቃለች። የኮንትሮለሩ መብራት ይጠፋል፣ ወዲያው መልሶ ይበራል። ዕቃው ተመልሷል፤ ሶፍትዌሩ ግን ሳውንድ ካርዱ ጠፋብኝ ብሎ ድምፁን ወደ ላፕቶፑ የራሱ ስፒከር አዙሮታል። ድንኳኑን ሲያናውጥ የነበረው ዘፈን አሁን ቀጥኖ ከላፕቶፑ ሥር ለአንተ ብቻ ይሰማል። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ቆማለች። እናቶች፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ እልልታውን አስረዝመው ክፍተቱን ይሸፍኑልሃል። አንተ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አውትፑት ትፈልጋለህ። ሚዜው ይመጣና ጆሮህ ሥር «ዲጄ፣ ምነው?» ይላል። ምን ትለዋለህ?

አንዳንዴ ደግሞ ገመዱም አይላቀቅም፤ ዊንዶውስ ራሱ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ዩኤስቢውን ያስተኛዋል። ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ ይሉታል። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ሦስት በር አልፈህ ነው የምታጠፋው፤ ትልቅ አፕዴት በገባ ቁጥር ደግሞ መልሶ እንዳልበራ ማየት አለብህ። እኔ ከሥራ በፊት ይህን ሳላይ አልወጣም፤ ሚስቴ ከቤት ስወጣ ጋዝ መዝጋቴን ብትጠይቀኝ ግን መልስ የለኝም።

የአምራቹ ድራይቨር ቢጠፋም ዕቃውን ዊንዶውስ ራሱ ለሚያውቅለት ሰው የመጨረሻ መጠጊያው አሲዮ ፎር ኦል የሚባለው ለሁሉም ይሁን ተብሎ የተሠራ ነፃ ድራይቨር ነው። ባለውለታችን ነው። ነገር ግን በእሱም ቢሆን በበፈር፣ ማለትም ድምፁ ከመውጣቱ በፊት በሚጠራቀምበት መጠን፣ መጫወት አለ። በፈሩን 128 ስታደርገው ድምፁ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ይዘገያል፣ እጅህና ጆሮህ ይስማማሉ፤ ላፕቶፑ ካልቻለ ግን ቋ ቋ ማለት ይጀምራል። 512 ስታደርገው ወደ 12 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፣ ይቻላል። 2048 ላይ ድምፁ ጥርት ይላል፣ መዘግየቱ ግን ከ46 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ቁልፉን አሁን ነክተኸው ዘፈኑ ቆይቶ ይሰማሃል። ያኔ ስክራች ብሎ ነገር የለም። ለሰርግ ምን ስክራች ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ልክ ነው፤ ግን እንደማልችል ኮምፒውተር እንዲወስንልኝ አልፈልግም።

የሶፍትዌሩ ደግሞ ለብቻው ነው። ኩባንያው ሶፍትዌሩን ሲቀይር የድሮ ዕቃ ከኋላ ይቀራል። ሴራቶ የተባለው ኩባንያ ኢች የሚባለውን ትቶ ወደ ሴራቶ ዲጄ ሲሻገር ሁሉም ኮንትሮለር ወዲያው አብሮ አልተሻገረም። አሮጌው ዕቃ የሚስማማው ከአሮጌው ሶፍትዌር ጋር ነው፣ አሮጌው ሶፍትዌር የሚስማማው ከአሮጌው ዊንዶውስ ጋር። አንዱን ክር ስትጎትት ሌላው ይተረተራል። አዲሱን ልግዛ ብትል በዶላር ክፈል ይልሃል፤ በኪስህ ያለው የብር ካርድ ደግሞ እዚያ አያስከፍትም። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ያለው ደውሎ «እባክህ ይቺን ክፈልልኝ» ይላል፣ ያለዚያ ክራክ ነው። ክራክ ሌብነት ነው የሚል አለ፤ አልከራከርም። ግን መክፈል የፈለገውስ በምን ይክፈል? ክራኩም ቢሆን በነፃ አይደለም፤ አፕዴት የለው፣ እርዳታ የሚጠየቅበት የለው፣ አንዳንዱ ደግሞ አብሮት የሚመጣው እንግዳ አይታወቅም።

ሁሉም ተሳክቶ ዕቃው ሠራ እንበል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ዘፈናችንን አያውቅም። የእነዚህ ፕሮግራሞች ምት ቆጣሪ ዓለም ሁሉ በአራት አራት የሚጨፍር ይመስለዋል። ችክችካ ስትሰጠው ግራ ይገባዋል። በስድስት ስምንተኛ የሚሄደውን ምት አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት ይከፍልና 120 የሆነውን ዘፈን 80 ወይም 180 ብሎ ይጽፍልሃል። ሲንክ የሚለውን ቁልፍ አምነህ የተጫንክ ዕለት እስክስታ የያዘው ሰው ትከሻው አየር ላይ ይቀራል። የድሮዎቹ ካሴቶች ደግሞ ይብሳሉ። ሮሃ ባንድን የመሰሉ ባንዶች ያጀቧቸው ዘፈኖች ሰው በእጁ የመታቸው ናቸው፤ ዘፋኙ ሲሞቀው ከበሮው አብሮ ይፈጥናል። ለጆሮ ውበቱ እሱ ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ስሕተት ነው፣ መስመሩ ከመሀል ጀምሮ ይንሻፈፋል። በእጅ ታስተካክላለህ፤ በእጅ ለማስተካከል ደግሞ የሚታዘዝ ጆግና የተሟላ ፌደር ትፈልጋለህ። የድሮው ኮንትሮለር የፍጥነት ፌደር በብዙዎቹ ላይ 128 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። በሁለቱም አቅጣጫ 8 በመቶ ከተዘረጋ እያንዳንዷ ደረጃ 0.125 በመቶ ትዘላለች። የምትፈልጋት ፍጥነት በሁለት ደረጃዎች መሀል ትቀመጥና አትያዝም፤ በጣትህ ጆጉን እየገፋህ ዘፈኑን እንደታመመ ሰው ደግፈህ እስከ መጨረሻው ታደርሰዋለህ።

መላ የለም አልልም። ብዙዎቻችን የደረስንበት መላ እጁን አቆይቶ ጉሮሮውን መለወጥ ነው። ሚዲው ስለሚሠራ ኮንትሮለሩ ቁጥሩን ይልካል፤ ድምፁን ግን ያለ ልዩ ድራይቨር በሚሠራ በሌላ የውጭ ሳውንድ ካርድ እናወጣለን። አራት መውጫ ያለው ከሆነ ሁለቱን ለሞንታርቦ፣ ሁለቱን ለጆሮ ማዳመጫ። ሶፍትዌሩን ደግሞ ሚክስክስ፣ ያ በሦስት ኤክስ የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ፈቃደኛ ሰዎች በነፃ የሚሠሩት ነው፣ ካርድ አይጠይቅም፣ አምራቾቻቸው የረሷቸውን ብዙ ኮንትሮለሮች ያውቃል። ያንተን ካላወቀው እያንዳንዱን ቁልፍ እየነካህ «ይቺ ፕሌይ ናት፣ ይቺ ኪው ናት» እያልክ ታስተምረዋለህ። አንድ ምሽት ይበላል። ያስተማርከውን ፋይል ፍላሽ ላይ ካላስቀመጥክ ደግሞ ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ «ፎርማት ላድርግልህ ወይ?» ባለህ ቀን እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ። ኮምፒውተር ቤት ያለ ልጅ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ራስህን ቢያምህም ፎርማት ነው የሚያደርግህ።

ይህም ሲሆን ጠረጴዛው ላይ ኮንትሮለር፣ ሳውንድ ካርድ፣ ሀብ፣ የሀቡ ቻርጀር፣ የላፕቶፑ ቻርጀር ተኮልኩለው፣ ማከፋፈያው ሞልቶ፣ ገመዱ ሁሉ በፕላስተር ተጠፍሮ ይታያል። ዲኮር የሠራችው ልጅ አይታ ፊቷን ታጨፈግጋለች። ነጭ ጨርቅ ታለብሰዋለች፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ላፕቶፑ ይግላል፣ ቋ ቋ ይመለሳል።

«ለምን አዲስ አትገዛም?» የሚለው ወዳጅ ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ኮንትሮለር በብር አይሠራም። ለአንድ ሰርግ የሚከፈለን ግን በዶላሩ ልክ አልወጣም፤ እንዲያውም ደዋዩ «ጎረቤትህ በግማሽ ይሠራልኛል» ብሎ ነው ወሬ የሚጀምረው። ደግሞስ ዛሬ የሚገዛው አዲስ ዕቃ ድራይቨሩን የሚጽፍለት ሰው እስከ መቼ ነው የሚቆየው?

እንዲህ ሆኖ ነው የምንሠራው። ባለፈው ሰፈራችን ውስጥ ልደት ነበር፤ ሚዲውን አስተካክዬ፣ ሳውንድ ካርዱን ለይቼ፣ በፈሩን 512 ላይ አስቀምጬ፣ ጥሩ እየሄደልኝ ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ መጣ።

«ዲጄ፣ ይቺን ከዩቲዩብ አጫውትልን። ኦክስ የለህም?»

ኦክስ አለች፤ ኮንትሮለሩ ጀርባ ላይ። በእኔ ዕቃ ከእሷ የሚገባ ድምፅ ኮምፒውተሩን ሳይነካ ቀጥታ ወደ መውጫው ይሄዳል፤ ድራይቨር አይል፣ ዊንዶውስ አይል። የሞንታርቦውን ገመድ ወደ ኮንትሮለሩ መልሼ ስልኩን ሰካሁለት። መሀል ላይ ማስታወቂያ ገባ እንጂ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ዕቃህ አሪፍ ነው» አለኝ ልጁ እየጨፈረ። «አዲስ ነው እንዴ?»